ኪስ ፈታሽ

እኔ የማውቀው ባሕር መስኮት የለውም፣
ሲነጋ አይነጋም፣ ሲመሽ አይመሽም።
ከውሃው መስመር በታች፣ ከሞተሩ ጎን፣
አምስት አጣቢዎች እንፋሎት ለብሰን
ሦስት ሺህ ፎጣ እናጥባለን በቀን።

ድርሻዬ ኪስ ነው።
ማሽኑ ሳይውጠው ልብሱን እዳብሳለሁ፣
ማስቲካ፣ እስክሪብቶ፣ ሳንቲም አወጣለሁ።
ስድስት ወር ሙሉ ይህን የሰሜን ጠረፍ
ያየሁት እንዲህ ነው፣ በሰው ኪስ በማለፍ፦
ካንዱ ሱሪ የጥድ ቅጠል፣ እንደ መርፌ ሾሎ፣
ካንዷ ካፖርት ዛጎል፣ አሸዋ አዝሎ፣
ከሕፃን ጃኬት ውስጥ የቁራ ላባ፣
በመሐረብ ጫፍ ታስሮ እንደ አበባ።
አንዴም የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ፤
«ዛሬ አየሁት» ይላል። ብቻ። ገልብጬ አየሁ፣
ምኑን እንዳየ አልጻፈም።
ወረቀቱን ጣልኩት፤ ነገሩን ግን አልጣልኩም።

አንዳንድ ሌሊት ደግሞ በረዶ ይመጣል፤
ከብረቱ ማዶ ሆኖ ያንኳኳል፣ ይፍቃል።
«ሮዴል፣ ክፈትለት» ትላለች ማሪቪክ፣ ፎጣ እያጠፈች፣
«ደጅ ያደረ እንግዳ ነው» ብላ ትስቃለች።
ላይ ቤት ይጮኻሉ። ዓሣ ነባሪ ዘሎ ይሆናል።
እኛ ጋ የፎጣው ቁልል ብቻ ያዘነብላል።

በነሐሴ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ፈቃድ።
ወደቡ አንድ መንገድ አለው፤ እሱም አጭር መንገድ፣
ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ጫካ ውስጥ የሚቀር።
ተሳፋሪው የወርቅ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር
እኔ ወደ ጀልባዎቹ፣ ወደ ዓሣው ሽታ ወረድኩ።
አንዲት አሮጊት የሸርጣን ወጥመድ ስትጭን አገዝኩ።
ኤድዊና ትባላለች፤ የትሊንጊት ልጅ ናት፤
ለያንዳንዱ ቋጥኝ፣ ለያንዳንዱ ጅረት ስም አላት።
«ከትልቋ መርከብ ነህ?» አለች። «ነኝ» አልኳት።
«ገንዘብ እንዳታሳየኝ። ጀልባዬ ያፈሳል፤
ውሃውን የሚጨልፍ ጉልበት ይፈለጋል።»

የተቆረጠ የወተት ጀሪካን ሰጠችኝ።
ጨለፍኩ። ጉም ገለጠኝ፣ ጉም መልሶ ሸፈነኝ።
ባሕሩ ሸሽቶ በተወው ጥቁር ጭቃ ላይ
አንድ ድብ ድንጋይ ይገለብጣል፣ ቀና ብሎም ሳያይ፤
አንዱን ያነሣል፣ ያሸታል፣ ሸርጣን ካለ ይልሳል፣
ከሌለ ይተወዋል፣ ወደ ቀጣዩ ይደርሳል።
«የሥራ ባልደረባዬ» አልኩ።
አልገባትም። «ኪስ ይፈትሻል» አልኳት፤
ስትስቅ ቁራዎቹ ተነሡ ከጥዱ አናት።

ከዚያ ሞተሯን አጠፋች። ዝም አለ።
ማሽን የሞላው ጆሮዬ ባዶ ቤት ሆነ፣ ዋለለ።
ያ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ይህን አይቶ ይሆን?
በአገጯ እያመለከተች፦ «ልጅ ሳለሁ በረዶው
እዚህ ድረስ ነበር፤ አንተ ያለህበት ላይ ነው ግንባሩ ያረፈው።
በየዓመቱ ይሸሻል፣ እንደ ተበዳሪ ሰው።»
«አበዳሪው ማነው?» አልኩ።
ቀና ብላ አየችኝ፤ የወጥመዷን ገመድ ሳበች፤
አራት ሸርጣን ወጣ። «ሴቷን ወደ ባሕር መልሳት» አለች።

ዳር ወጥተን ቆምን። መሬቱ ገና ሣር አላበቀለ፣
ከበረዶ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከዚያ ካልጎደለ።
እኔ ሠላሳ ስድስቴ። ታናሼ ነው ማለት ነው፣ ምድሩ።
እንደ ታናሽ ወንድም አናቱን ዳበስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው ጠጠሩ።
በኛ ኢሎኢሎ የባሕር ዳር ድንጋይ እጅ ያሞቃል፤
ይሄኛው እጅ ይበላል።
አንዱን አነሣሁ፣ በረዶው የላገው፣
የጉዞ ጥፍር የጫረው፣ ሦስት ቀጭን መስመር ያለው።

ሰባት ደቂቃ ዘገየሁ። ስሜ ተጻፈ፣
የሚቀጥለው ወደብ ፈቃዴም በዚያው አለፈ።

ማታ፣ በሦስተኛው ማሽን ሆድ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።
ማሪቪክ ተቆጣች፦ «ማነው ሳይፈትሽ የከተተ? ስሙት ሲያንኳኳ!»
«እኔ ነኝ» አልኩ። የኔው ሱሪ ነው፣ የኔው ኪስ።
እጇን ወደ ቀዩ ቁልፍ ዘረጋች፤ ያዝኳት ሳትደርስ።
«ተዪው፣ አንድ ዙር ይምታ።»

ከብረቱ ማዶ ነበር ሁሌ የሚያንኳኳው፤
ዛሬ ከውስጥ ነው።